ከቶርኖው አጠገብ የጠረጠርኩት ሰው

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ማርጎ ኬክ አስቆረጠችልኝ። ማርጎ የድርጅቱ ባለቤት ናት፤ ከአያቷ ጀምሮ የቤዝቦል ኳስ መምቻ ዱላ ሲሠራ የኖረ ቤተሰብ ልጅ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ይህቺ ሴት ከዚህ ኬክ በኋላ ምን ልትጠይቀኝ ይሆን? አልተሳሳትኩም። ሳህኔን ሳላስቀምጥ መጣችና «ዴም፣ የዚህን ቤት ታሪክ የሚያውቅ ካንተ ሌላ አልቀረም። ያየኸውን ጻፍልኝ» አለችኝ። ደምሴ ማለት አቅቷቸው ዴም ነው የሚሉኝ። ለምን እንደፈለገችው ብጠይቃት «እንዲሁ፣ ለማስታወሻ» አለች። እንዲሁ የሚባል ነገር እኔ አላውቅም። ስለዚህ እየጻፍኩላት ነው፤ ግን በአማርኛ። ማንበብ ካማራት አስተርጓሚ ትፈልግ።

አንባቢዬ ከወዲሁ ይወቀኝ፤ እኔ ሰው አላምንም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እናቴ ከጡቷ ጋር ነው ያጠጣችኝ። እዚህ ካልጋሪ ከተማ፣ ሞንተሬይ ፓርክ ሰፈር ያለው ቤታችን በሩ ሦስት ቁልፍ አለው። ባለቤቴ ጥሩወርቅ «ማን ይመጣብናል ብለህ ነው? ጥንቸል?» እያለች ትስቅብኛለች። ጎረቤታችን ሳልጠይቀው የበራችንን በረዶ የጠረገልኝ ዕለት ምን ፈልጎ እንደሆነ ሳወጣ ሳወርድ ሁለት ቀን ቆይቻለሁ። እስካሁንም ምንም አልጠየቀኝም፤ ይኸው እየጠበቅኩት ነው።

ይህ ጠባይ ከሥራም የመጣ ነው። አዲስ አበባ እያለሁ በመንግሥት የእንጨት ሥራ ድርጅት ውስጥ ቶርኖ ላይ ነበርኩ። እንጨቱ በማሽን ይሽከረከራል፣ እኔ መሮዬን ደግፌ የአልጋና የወንበር እግር አወጣለሁ። አለቃዬ አቶ ዘለቀ የሚባሉ ድንቅ ባለሙያ ነበሩ። መሮ ሲስሉ ግን ጀርባቸውን ይሰጡናል፤ እንዴት አዘንብለው እንደሚይዙት እንዳናይባቸው። «ሙያ በልብ ነው» ይሉ ነበር። እኔ ከሳቸው የተማርኩት የመስኮቱ መስታወት ላይ የእጃቸውን ጥላ እየሰረቅኩ ነው። ካልጋሪ የገባሁት ባለሙያ ሁሉ የመጨረሻዋን ነገር ይደብቃል ብዬ አምኜ ነው።

መጀመሪያ መጋዘን፣ ቀጥሎ የሕንፃ ጽዳት ሠራሁ። ስለ ሁለቱም የምለው የለኝም፤ ደመወዙም ሥራውም እኩል ነበር። ከዚያ አንድ የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ ኢንተርናሽናል አቬኑ ከሚባለው መንገድ ወረድ ብሎ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ፣ እንጨት የሚያዞር ሰው የሚፈልግ ትንሽ ወርክሾፕ እንዳለ ነገረኝ። ሄድኩ። በር የከፈተልኝ የማርጎ አባት፣ ሽማግሌው ዋልተር ነው። ምንም ሳይጠይቀኝ አንድ እንጨትና አንድ መሮ ሰጥቶኝ ወደ ጓዳ ገባ። ከየት ሆኖ እንደሚያየኝ ለማወቅ ጣሪያውን ሁሉ ቃኘሁ። ካሜራ አልነበረም። እንጨቱን ቶርኖ ላይ ሳዞረው የወጣልኝ የወንበር እግር ነበር፤ እጄ የሚያውቀው እሱን ነዋ። ዋልተር ከጓዳ ወጥቶ አየው፣ በመዳፉ ዳበሰው፣ «ሰኞ ና» አለኝ።

የዚህን ቤት ታሪክ ጻፍ ከተባልኩ እንግዲህ ይኸው። የዋልተር አባት ገበሬ ነበር። እርሻው በበረዶ ሲሸፈን ጎተራው ውስጥ የመጥረቢያና የመንሽ እጀታ እያወጣ ለጎረቤት ይሸጣል። የአካባቢው ገበሬዎች በበጋ እሑድ እሑድ ቤዝቦል ይጫወታሉ፤ ዱላቸው ሲሰበር ወደሱ መጡ። የመጀመሪያውን ዱላ ያወጣው ከተሰበረ የጋሪ ዘንግ ነው ይላሉ። እኔ አላምንም፤ ቤተሰብ ስለ ራሱ ሲያወራ ጋሪና ጎተራ አያጣም። ከሱ በኋላ ዋልተርና ወንድሙ ቶርኖውን ይዘው ወደ ከተማ ገቡ። ኋላ የብረት ዱላ መጣና ገበያው ወደዚያ ዞረ። ወንድምየው ጥሎ ወጥቶ የብረቱ ዱላ ሻጭ ሆነ። ዋልተር የደረጃ መደገፊያና የጠረጴዛ እግር እያወጣ ወርክሾፑን ከመዘጋት አዳነ። ወንድማማቾቹ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ቅዳሜና እሑድ የሚጫወቱ ሰዎች የእንጨቱን ድምፅ ናፍቀው ሲመለሱ ዋልተር አንድም ቀን «አላልኳችሁም?» ሲል አልሰማሁትም። ይህ ራሱ ያስጠረጥረኝ ነበር፤ አሸንፎ ዝም የሚል ሰው ምን አስቦ ነው?

ከሁሉ የበለጠ ያስጠረጠረኝ ግን ጓዳው ነው። ዋልተር በየቀኑ ከምሳ በኋላ ጓዳ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው ዱላ ከጠዋቱ ይበልጥ ያማረ ነው። አሃ፣ አልኩ በልቤ፤ ዱላውን የሚቀባው የምስጢር ዘይት እዚያ አለ፤ የአቶ ዘለቀ ወንድም እዚህም አገር አለ። አንድ ቀን የእሳት ማጥፊያ የምፈልግ መስዬ በሩን ከፈትኩት። ሰውዬው ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኝቶ ነበር።

ዋልተር የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። ይህን ለማመን ግን ዓመታት ፈጁብኝ። መሮ ሲስል ወደኔ ዞሮ ነው። ዱላ ሲያወጣ ሞዴሉን ከቶርኖው ጀርባ ይሰቅላል፣ እያየ ካሊፐር በሚባለው ውፍረት መለኪያ ይለካል። ለወፍራሙ ጫፍ ልኩን ይጠብቃል፣ ወደ ቀጭኑ እጀታ ሲደርስ ግን ካሊፐሩን አስቀምጦ ዓይኑን ይጨፍንና በጣቶቹ ነው የሚለካው። ሲጨርስ ዱላውን ቀጥ አድርጎ ይይዝና ሲሚንቶው ላይ በእጀታው በኩል መታ ያደርገዋል። ደህና እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ውስጡ የተሰነጠቀ ደግሞ እንደታፈነ ሰው ያጉረመርማል።

ከዚያ ቀለሙ አለ። ይህን ልብ ብላችሁ ያዙልኝ፤ የኔ ጉድ ያለው እዚህ ነው። እንጨት እንደ ሥጋ ጅማት አለው። ጅማቱ እጀታውን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ከሄደ ዱላው የኳሱን ምት ይችላል። ጅማቱ ወደ ጎን ካዘነበለ ግን ዱላው ምን ቢያምር እጀታው ላይ ይሰበራል፤ ወፍራሙ ጫፍም እንደ ጦር ተወርውሮ ይሄዳል። በተለይ ሜፕል በሚባለው እንጨት ጅማቱ ረቂቅ ስለሆነ ለማየት ያስቸግራል። ስለዚህ ከቫርኒሽ በፊት እጀታው ላይ አንዲት የቀለም ጠብታ ትደረጋለች። ቀለሙ ጅማቱን ተከትሎ ይሳባል፤ ትንሽ መስመር ይሆናል። መስመሩ ቀጥ ካለ ዱላው ያልፋል፣ ቀለሙም በብርጭቆ ወረቀት ይነሳል። ካዘነበለ ይጣላል። ዋልተር አርባ ዱላ ቢያወጣ አርባውንም በጥቁር ቀለም ይፈትሻል። «ዓይን ትዋሻለች፣ ቀለም አይዋሽም» ይለኝ ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረ ሰሞን ደግሞ ማርጎን ጠርቶ የቀለሙን ብዕር በእጇ አስያዛትና «ከዛሬ ጀምሮ የኔን አንቺ ፈትሺ» አላት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ምስኪን፣ ደከመ፣ አልኩ። ትምህርት እየሰጠኝ መሆኑ አልገባኝም።

ዋልተር ከሞተ በኋላ ድርጅቱ የማርጎ ሆነ፤ እኔም የቶርኖው አለቃ ሆንኩ። ሥራ ሲበዛ ሁለተኛ ሰው ፈለግንና ሰዒድን አስገባሁት። ሰዒድ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ከኔ በአሥራ አምስት ዓመት የሚያንስ፣ ሦስት ልጆች ያሉት፣ አገር ቤት በአናጢነት የሠራ። ካልጋሪ ታክሲ ይነዳ ነበር። እንጨት ሲነካ ዓይቼው፣ እጁ የባለሙያ እጅ መሆኑን አውቄ፣ ማርጎ ዘንድ ዋስ ሆኜለት ነው ያስገባሁት። ሁለት ዓመት አብረን በሰላም ሠራን። ምሳ ለየብቻ ብንበላም፣ ጾሙም ባይገጥም፣ ወሬያችን አንድ ነበር። ጋሼ እያለ ከኔ ቀድሞ በር አይገባም።

ከዚያ መጠርጠር ጀመርኩ። መጀመሪያ ያየሁት ከማርጎ ቢሮ ሲወጣ ነው። በሩ ተዘግቶ ሲያወሩ ቆይተዋል። ስገባ ዝም አሉ።

«ምን ነበር?» አልኩት።

«ምንም አይደል ጋሼ፣ ስለ ላይቱ ነው። ቶርኖው ጋ ያለው ላይት ዲም ስለሆነ ቼንጅ ታድርገው ብዬ ነው።»

«ለኔ ደህና ነው።»

«እሱማ ደህና ነው ጋሼ። ግን ብራይት ቢሆን አይከፋም ብዬ ነው።»

መብራት! ሰው ስለ መብራት በር ዘግቶ ያወራል? ቦታዬን ፈልጓል አልኩ። በሬ ካራጁ ይውላል የሚባለው ይኸው ነው ብዬ ለጥሩወርቅ ነገርኳት። እሷም «አንተ ስለ መብራት የሚያወራውን ሰው ተወውና የራስህን መነጽር ለውጥ፤ ትናንት ጨው ብለህ ስኳር ነው ወጡ ላይ የነሰነስከው» አለችኝ። ማሰሮዎቹ ስለሚመሳሰሉ ነው አልኳት።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ፌርማታ ከደረስኩ በኋላ የምሳ ዕቃዬን መርሳቴን አስታወስኩ። ተመለስኩ። ወርክሾፑ ውስጥ ሰዒድ ብቻውን ነበር። የቆመው በኔ መደርደሪያ ፊት ነው። የኔን ዱላዎች እያነሳ እጀታቸው ላይ በሰማያዊ ብዕር ምልክት ያደርጋል፤ ሁለቱን ለይቶ ወደ ጎን አስቀምጧቸዋል። ደሜ ፈላ። የኔን ሥራ መርጦ በራሱ ስም ሊያስገባ፣ ወይም አበላሽቶ ሊያስወቅሰኝ ነው። ከሁለቱ አንዱ እንጂ ሦስተኛ ነገር አልታየኝም።

«ምን ታደርጋለህ?»

ደነገጠ። «ጋሼ፣ እንዲሁ ቼክ ላድርግ ብዬ ነው።»

«ማን ላከህ? እኔ አንተ ሳትወለድ ቶርኖ ላይ የነበርኩ ሰው ነኝ። ሁለተኛ እጅህ ሥራዬ ላይ እንዳላየው!»

አፉን ከፈተ። የሚናገር መስሎኝ ጠበቅኩ። አየኝ፣ መሬት መሬት አየ፣ «እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ» ብሎ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቀን በኋላ የኔን መደርደሪያ በርቀት ነው የሚያልፈው።

እኔ ቀለም መጠቀም ካቆምኩ ቆይቼ ነበር። ይህን ለመናገር ያሳፍረኛል፤ ግን እውነት ነው። ዋልተር እያለ ስለሚያየኝ እፈትሻለሁ። እሱ ሲሞት «ይህን ሁሉ ዓመት እንጨት ያየ ዓይን አይስትም» አልኩና ተውኩት። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር ኖሬ አንድ ያልጠረጠርኩት ነገር ቢኖር የገዛ ዓይኔን ነው።

ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ለአንድ የከተማው ቡድን ዱላ አስረከብን። እኔም ሰዒድም የሠራንበት ትዕዛዝ ነው። በጨዋታው ላይ አንዱ ዱላ እጀታው ላይ ተሰበረና ወፍራሙ ጫፍ በርሮ ሦስተኛው ቤዝ በሚሉት የሜዳው ጥግ ላይ የቆመውን ተጫዋች መንጋጋው ላይ መታው። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ለእሑድ መዝናኛው የሚጫወት። መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ሳምንታት በሙሉ በቱቦ ነው ምግብ የወሰደው። የተሰበረው ዱላ በፕላስቲክ ከረጢት መጣልን። እያንዳንዳችን ከእጀታው ሥር፣ ክቡ ጉብታ ላይ፣ በእርሳስ ምልክት እናደርጋለን። ተጫዋቹ ግን ጉብታውን በሙጫ ቴፕ ጠቅልሎት ነበር፤ ቴፑ ሲላጥ ምልክቱን ይዞት ሄደ። ማን እንዳወጣው የሚነግር ነገር አልተረፈም።

ማርጎ ሁለታችንንም ቢሮ ጠራችን። ፊቷ አመድ መስሏል። በአያቷ ዘመን፣ በአባቷ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም። «ይህ ዱላ ቢፈተሽ ኖሮ አይወጣም ነበር። ማነው ያልፈተሸው?» አለች።

እኔ ቀደምኩ። «እኔን ታውቂኛለሽ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እኔ ስወጣ ጠብቆ ዱላዎቹን የሚነካካ ሰው አለ። በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩ። ያኔ ውሸት የተናገርኩ አልመሰለኝም። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር።

ማርጎ ወደ ሰዒድ ዞረች። «እውነት ነው? ነካክተሃል?»

ሰዒድ ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት ዛሬም አልረሳሁትም። የተቆጣ ሰው አስተያየት አልነበረም፤ የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር። እኔ ዝም አልኩ።

«አዎ፣ ነካክቻለሁ» አላት።

«ለምን?»

መልስ የለም። «ሰዒድ፣ ለምን?» አለች ደግማ። አሁንም መልስ የለም። በዚህ አገር ዝም ያለ ሰው አጥፍቷል ማለት ነው። ማርጎ አሰናበተችው። ሲወጣ ወደኔ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝና «ደህና ይሁኑ ጋሼ» አለኝ። ይሄ ተንኮለኛ፣ ሲያስመስል፣ አልኩ።

ማታ ለጥሩወርቅ ስነግራት ሹካዋን አስቀመጠች። «ሰው ዝም ያለ ሁሉ ጥፋተኛ ነው? ላንተ ብሎ ቢሆንስ?»

«ለኔ ብሎ ምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አንተ ግን ጠይቀው።»

አልጠየቅኩትም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት እንዲህ ነው። ሰዒድ ወደ ታክሲው ተመለሰ። ኢንተርናሽናል አቬኑ በርበሬ ልገዛ ስሄድ አንዳንዴ አገኘዋለሁ፤ ከመኪናው ወርዶ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል። እኔም አጸፋውን መልሼ ቤት ስገባ፣ ይህ ሰው በዚህ ሰላምታ ምን እያዘጋጀልኝ ነው እያልኩ አድራለሁ። እንዲህ ሁለት ዓመት ሄደ። ማርጎ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ቶርኖ አስገባች፤ እሱ ብዙውን ያወጣል፣ እኔ የጎደለውን እጨርሳለሁ።

ያጋለጠኝ መንጃ ፈቃድ ነው። ላሳድስ ሄጄ የዓይን ምርመራው ላይ ወደቅኩ። ሐኪሙ በሁለቱም ዓይኔ ላይ ሞራ እንዳለና ቀስ እያለ ዓመታት እንደፈጀበት ነገረኝ። ሐኪሙን ጠረጠርኩት፤ ሌላ ዘንድ ሄድኩ። እሱም እንዲያው አለ። ሞራው ተገፈፈልኝ። ከሁሉ አስቀድሞ ያየሁት የጥሩወርቅን ፊት ነው፤ እንዴት እንዳረጀች ነገርኳት፤ እሷም «አንተስ!» አለችኝ።

ሥራ የገባሁ ዕለት መደርደሪያው ላይ በእጄ ያወጣኋቸው የቆዩ ዱላዎች ነበሩ። አንዱን አነሳሁ። ጅማቱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ አዘንብሏል። ሌላውን አነሳሁ፤ ቀጥ ያለ ነው። ሦስተኛውን አነሳሁ፤ አዘንብሏል። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነሥቼ ከኔ እጅ የወጣ ሌላ ምን አለ ብዬ ወርክሾፑን ማገላበጥ ጀመርኩ። ከእንጨት ክምሩ ጀርባ፣ ግድግዳው ጥግ፣ አቧራ የለበሰ ሳጥን አገኘሁ። ዱላ ሞልቶታል። ሁሉም ጉብታቸው ሥር የኔ ምልክት፣ «ደ» የምትለዋ ፊደል አለች። ሁሉም እጀታቸው ላይ ሰማያዊ መስመር አለ፤ ሁሉም መስመር አዘንብሏል።

ያኔ ገባኝ። ሰዒድ ዓይኔ መድከሙን ከኔ በፊት አውቋል። ታላቁን «አይታይዎትም» ማለት ነውር ሆኖበት፣ እኔ ስወጣ እየጠበቀ ሥራዬን ሲፈትሽልኝ ኖሯል። የወደቀውን እኔ በማላይበት ቦታ ደብቆ በምትኩ የራሱን ያስገባ ነበር። መብራቱንም የጠየቀው ለኔ ነው። «እጅህን አንሳ» ያልኩት ጊዜ እጁን አነሳ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያ ሰው ተመታ። ዱላው የኔ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። አለቀስኩ። ወርክሾፕ ውስጥ ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነው፤ ማን እንዳየኝ ዞሬ አልፈለግኩም።

ሳጥኑን ተሸክሜ ማርጎ ቢሮ ገባሁና አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ዱላዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ለምንድነው ያልነገረኝ? አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር» አለችኝ።

«በኛ ዘንድ ታናሽ ታላቁን በሰው ፊት አያጋልጥም። እኔ ራሴ እንድናገር ነበር የጠበቀው» አልኳት።

የያዘችውን ዱላ ሳጥኑ ውስጥ መለሰች። በመጨረሻ «እኔ ይህን አላውቅም፣ ዴም። ዝምታው ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አልነበረኝም። አንተ ግን ክፍሉ ውስጥ ነበርክ» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ማርጎ ለሰዒድ ደውላ ይቅርታ ጠየቀችው፤ የኔን ቦታም እንዲይዝ ለመነችው። መንጋጋው የተሰበረው ሰውዬ ዘንድም አብረን ሄድን። ዱላው የኔ እንደነበረ ነገርኩት። አገጩን ዳሰስ አድርጎ «ስለነገርከኝ ጥሩ ነው፤ ግን ቡና አልጋብዝህም» አለኝና በሩን ዘጋ። እሱን አመንኩት። ጡረታዬን የጠየቅኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ቀረኝ የምለው ሰዒድ ነበር። ጥሩወርቅ ሽማግሌ ልከህ ታረቅ አለችኝ። እንቢ አልኩ። ሽማግሌ ፊት ይሉኝታ ይዞት እሺ ይላል፤ ይሉኝታውን ደግሞ እስኪበቃኝ ቀምሻለሁ። ብቻዬን ቅዳሜ ከሰዓት ሳቫና ሰፈር ወዳለው ቤቱ ሄድኩ። በር ላይ ሲያየኝ ደንግጦ «ጋሼ፣ ኮል ቢያደርጉልኝ መጥቼ አመጣዎት አልነበር?» አለ። ሳሎን አስቀመጠኝ። ልጆቹን ወደ ላይ እንዲወጡ ነገራቸው።

የመጣሁበትን ተናገርኩ። አላሳመርኩትም። ስጨርስ ወንበሬን ትቼ ልንበረከክ ብል ክንዴን ይዞ ከለከለኝ።

«ይተዉ ጋሼ፣ አላህ ያሳይዎት፤ እንደ አባቴ ነዎት።»

«እንደ አባትህ አትበለኝ። የሆዴን ተናገርኩ፤ አንተም የሆድህን ንገረኝ።»

«የሆዴን ካሉ እሺ። ያመመኝ ጆቡን ማጣቴ አይደለም፤ እሱን ሌላ ቦታ አገኛለሁ። ልጄ ስኩል ውስጥ "አባትሽ ለምን ከሥራ ፋየር ሆነ" ብለዋት ስትጠይቀኝ የምላት አልነበረኝም። ጋሼን ላጋልጥ? ወይስ አጥፍቻለሁ ልበላት? ለልጄም ዝም አልኳት። እሷ ፊት ዝም ያልኩትን ነው እስካሁን የሚያመኝ። ማርጎንም ለዚህ ነው ኖ ያልኳት። እዚያ ክፍል ተመልሼ መግባት አልፈልግም።»

 እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ «ታዲያ ይቅር ትለኛለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ ብል ያምኑኛል?»

አዎ ልለው አፌን ከፈትኩ። ይህን ያህል ካዋረድኩት በኋላ እሱን ልዋሸው አልቻልኩም።

«አላምንህም» አልኩት። «ለኔ ብለህ ነው የምትለው ብዬ ማሰቤ አይቀርም። ላምንህ ግን እፈልጋለሁ።»

ሳቀ። ከሁለት ዓመት በላይ ሳቁን አልሰማሁትም ነበር።

«እንግዲያው ሳተርዴይ ሳተርዴይ ይምጡ። በመጡ ቁጥር ይቅር ብዬዎታለሁ እላለሁ። ያመኑኝ ቀን ያኔ ታረቅን ማለት ነው።»

እስካሁን አራት ቅዳሜ ሄጃለሁ፤ አራቱንም ነግሮኛል። ገና አላመንኩትም፤ ግን አልቀረሁም።